የሚቀመጠውና የሚሄደው

ችፌ ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ልጄን መባን ላሳክም ባሕር ዳር አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። "ይሄ እኮ አይጋባም" አለኝ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ እየጻፈ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ጠረጴዛውን ብገለብጥበት ደስ ባለኝ። ሰውዬው ምን አጠፋ? ምንም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜው የኖርኩትን ነገር እንዲህ እንደ ቀልድ አውርዶ ሲያስቀምጠው ደሜ ፈላ። እስካሁን የት ነበርክ ልለው ፈለግሁ። እሱማ ያኔ እንደኔው ሕፃን ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና በኩል ወረድ ብሎ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ዳር ነበር። ሩዝ እንዘራለን፣ ከብት እናረባለን። ቤቱ ውስጥ አባቴ አንለይ፣ እናቴ ንግሥቲ፣ እኔ ታይቱ፣ ከዚያ ደግሞ የአባቴ ታናሽ እህት ሸዋነሽ ነበርን። እናት አባቷ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት አባቴ ነው። እኔ ስሟን አልጠራም፣ እታለም ነበር የምላት። አንድ መደብ ላይ አንድ ጋቢ ተጋርተን እንተኛለን። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ችፌዬን ቅቤ የምትቀባልኝ እሷ፣ ስታከክ እጄን ይዛ "እስቲ እስከዚያ ጥግ ድረስ ቁጠሪልኝ" እያለች የጣሪያውን እንጨት የምታስቆጥረኝም እሷ ነበረች።

ችፌዬ አብሮኝ የተወለደ ያህል ነው። ክንዴ መታጠፊያ ላይና ከጉልበቴ በስተኋላ ይቀመጣል። ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ሳከው ይሰነጠቅና ይደማል፣ ሲሽር ቆዳው ጠቁሮ ይወፍራል። በጋ ይብሳል፣ ክረምት ረገብ ይላል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም ጉዳዬ አይለውም። ልጆቹ ብቻ አልፎ አልፎ "ችፌያም" ይሉኛል፣ እኔም በድንጋይ እመልስላቸዋለሁ።

የሸዋነሽ ግን ሌላ ነበር። አንድ ክረምት፣ ሩዝ ስናርም ጀመራት። የሩዝ አረም ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ የሐምሌ ጠዋት ውሃ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። እሷ ከገባች ትንሽ ቆይቶ እጇና ባቷ ሳማ የለበለባት ይመስል ቀይ እያለ ይነሳል፣ ይድበለበላል፣ ጣቶቿ ያብጣሉ። እያከከች ወጥታ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ቁርስ እስኪደርስ ድረስ ክንዷ እንደ ቀድሞው ልስልስ ነው፣ ምልክት እንኳ የለውም። "ውሃው ነው" ትላለች። እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ አራሚ ያልነካ ውሃ እሷን ብቻ እንዴት ለይቶ አገኛት እያለች ታጉረመርማለች። ሥራ ሸሸች ተባለ። ሸዋነሽ ሥራ የምትሸሽ ሴት አልነበረችም፣ እኔ እመሰክራለሁ። ግን የሕፃን ምስክርነት ማን ይሰማል?

አባቴ አንድ ጊዜ አብጣ ሲያያት ደንግጦ ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። እኔንም አስከተሉኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። እኛ ስንጠራ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ የሸዋነሽ ክንድ ንጹሕ ሆኗል። ነርሷ አገላብጣ አየችና ምኗን ነው የማየው ብላ ጠየቀች። አባቴ ክንዷን ይዞ ወጣ። እሱ በሰው ፊት ከማፈር ጥርሱን ቢያወልቁት የሚመርጥ ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ አላናገራትም። እኔ ግን ተደንቄያለሁ። የኔ አንድ ቀን እንኳ ሄዶልኝ አያውቅም፣ እሷ ፈልጋ ታመጣዋለች ፈልጋ ትሰደዋለች ብዬ አምኛለሁ። ወዴት እንደምትደብቀው እንድታሳየኝ ለመንኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ እንባው ብቻ ቀረ።

በዚያው ዓመት ታጨች። ልጁ ይርዳው ይባላል፣ የይፋጉ የቄስ ባየህ ልጅ፣ ዲያቆን። እንደምትወደው ማንም አልነገረኝም። ስሙ ሲነሳ የተጠረገውን ቤት ደግማ ስለምትጠርግ ነው ያወቅሁት። ንግሥ ላይ ቆሞ ሲቀድስ አይታው፣ ድምፁን እስከ ቤት ድረስ በአፏ ይዛው መጥታለች፣ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ ሳይቀር ዜማውን ታንጎራጉራለች። ሠርጉ ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት ማግሥት ተቆረጠ። የቄስ ቤት ጋብቻ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ዲያቆን ቆርቦ የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ቅስና ከፈለገ ብትታመምም ብትሞትም በላይዋ ሌላ የለም። ስለዚህ ወገኖቹ አጥብቀው ያያሉ። ሸዋነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ የዚያን ሰሞን ሰው ባየ ቁጥር ክንዷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።

ኅዳር ላይ ሩዙ እየታጨደ ሳለ ሊያዩዋት መጡ። ቄስ ባየህ፣ የይርዳው አክስት እትዬ ገላነሽ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። ከሰዓት ነበር የተጠበቁት፣ እነሱ ግን መኪና ቀንቷቸው በማለዳ ደረሱ። እናቴ እኔን ይዛ ወደ ጓዳ፣ ከጎታው ኋላ ከተተችኝና ድምፅሽን እንዳልሰማ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ክንዴን እያየሁ ገብቶኛል።

ከጎታውና ከግድግዳው መሃል ሆኜ አያለሁ። ሸዋነሽ የእንግዶቹን እግር ለማጠብ ሳፋ ይዛ ቀረበች። የሚታጩ ልጆች ጨዋነት የሚታየው እዚያ ላይ ነው፣ ጎንበስ ሲሉ፣ ሲያጥቡ፣ ጉልበት ስመው ሲነሱ። ውሃው ከእንስራ የወጣ፣ ሲያድር የቀዘቀዘ ነው። ሸዋነሽ ላሙቀው ብላ በሹክሹክታ እናቴን ለመነቻት። እናቴ፣ እንግዳ ገትረሽ ልታሞቂ ነው ወይ ብላ ተቆጣቻት። እሳቱም ገና አልተያያዘም። ሸዋነሽ ተንበረከከች፣ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

የሽማግሌዎቹን አጠበች። ቄስ ባየህ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ወፍረው ነበር። የእጇ ጀርባ ቀልቶ ተነሳ፣ ከዚያ ወደ ክንዷ ወጣ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ እንኳ ይታየኝ ነበር። ቀና አላለችም፣ ማጠቧን ቀጠለች። ቄሱም አይተዋል፣ እግራቸውን ግን ከሳፋው አላወጡም። ያኔ አላስተዋሉም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እግራቸውን ቢስቡ እንደምታፍር ስላወቁ ነው። እትዬ ገላነሽ ግን አንጓዋን ያዟት። ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ነው እናቴ የጠራችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሜን ስሰማ በደስታ ነው የሮጥኩት። ለእንግዳ ልታይ ነው፣ የተደበቅኩት በስሕተት ነበር አልኩ በልቤ። ቄሱን ተሳለምኩ፣ ለእትዬ ገላነሽ ፈገግ አልኩላቸው። እናቴ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን ዘረጋችው። "ከልጂቱ ተጋብቶባት ነው። ችፌ ነው፣ ሌላ አይደለም። አብረው ስለሚተኙ ነው" አለች። እትዬ ገላነሽ የኔን ክንድ አዩ፣ የሷን አዩ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ችፌ ሥጋ ደዌ አይደለም፣ ዛር አይደለም። ችፌማ ማን ቤት የለም? እኔ ፈገግታዬን ሳልሰበስብ እዚያው ቆሜ ነበር፣ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። እታለምን ያሳመምኳት እኔ ነኝ።

ከሐኪሙ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን እናቴ ላይ ደጋግሜ አንስቻለሁ። መጀመሪያ ትክዳለች፣ ከዚያ ትቆጣለች፣ በመጨረሻ አንድ ቀን የሽሮ አተር እየለቀመች እንዲህ አለችኝ። "ታዲያ ምን ልበላቸው? ያንን የሚያውቅ ሰው የለም። ችፌን ሁሉም ያውቀዋል። የሚታወቀውን ሰጠኋቸው።" እሷ ራሷ አላመነችበትም ነበር፣ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ። ያገኘችውን ነገር አንስታ እሳቱ ላይ ጣለች፣ ያገኘችው እኔን ነበር። ውሸት መሆኑን ለኔ እንኳ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት? ረሳችው። አገር ሁሉ ሲያወራው እሷም ቆይታ አመነችው መሰለኝ።

ቄስ ባየህ ሲነሱ እኛ በበሽታ አንፈርድም፣ ግን ልጃችን የሚያገባው አንዴ ነው፣ እስከ ጥምቀት ሁለቱንም አሳክሟቸው አሉ። ደግ ሰው ነበሩ። ሸዋነሽ እስከ አጥር ሸኘቻቸው፣ ስትመለስ እጇ ንጹሕ ነበር።

በዚያው ዕለት ጋቢውን ለኔ ትታ ቁርበቷን ከመደቡ ወደ በሩ ጥግ ወሰደች። ተጠየፈችኝ ብዬ አለቀስኩ። ተዪ ትለኛለች ብዬ ነበር፣ ግን ከሩቅ ቆማ አየችኝና ወጣች። የዚህን መልስ ያገኘሁት አድጌ ነው። "አንችን ፈርቼ መሰለሽ? የኔ የሆነ ክፉ ነገር ወዳንች እንዳይሄድ ነው" አለችኝ። እሷ ለኔ ፈርታ፣ እኔ ለሷ ፈርቼ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተራርቀን ከረምን። እንዲህ ያለ ጅልነት የት አለ?

አሁን ደግሞ ቆሽቴን የሚያሳርረውን ልንገራችሁ። እንግዶቹ በሄዱ በማግሥቱ አባትና እናቴ አውድማው ላይ ሲመካከሩ እኔ ከጭዱ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ማጭዱን አስቀምጦ፣ የልጂቱ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ነው፣ ይደርቃል ይሰነጠቃል፣ ለሳምንታት አይሄድም፣ የእህቴ ግን ይመጣል ይሄዳል፣ ዛሬ እጇ ላይ ነገ ባቷ ላይ ነው፣ ሲሄድም አሻራ አይተውም፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም አለ። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ፣ ሐኪሙ የሚጠይቀውን ጥያቄ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ለይቶታል እኮ! እህቱ ደግሞ ውሃው ነው ብላ ነግራዋለች። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የቀረው። እናቴ ግን፣ የሚመጣና የሚሄድ እንግዲህ መንፈስ ነው እንጂ በሽታ ነው ወይ አለች፣ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ለሰው አንድ ነው ብለው፣ ለራሳቸው ሁለት መሆኑን አውቀው፣ የየራሳችንን ውሃ መደቡልን። የሚቀመጠው የቆዳ ነውና ለኔ የወንዛዬ ፍል ውሃ። የሚሄደው የመንፈስ ነውና ለሷ ጠበል፣ በማለዳ፣ በኅዳር ብርድ።

ወንዛዬ ለብዙ ሰው ደግ ነው፣ ወገብ የያዘው፣ ጉልበት ያመመው ተጠምቆበት ተነስቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ለኔ ግን እሳት ነበር። እናቴ ጠዋትና ማታ ትነክረኛለች። ፍሉ ውሃ ውስጥ ስሆን ማሳከኩ የሚተወኝ ይመስለኛል፣ ስወጣ ግን ቆዳዬ እንደ በጋ መሬት ይሰነጠቅና እየጮህኩ አካለሁ። ሴቶቹ ከበው ያዩኝና እየወጣ ነው፣ ሊያልቅ ሲል ነው የሚብሰው እያሉ እናቴን ያበረታቷታል። እናቴም ትበረታለች። እኔም በረታሁ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አባቴ ሁለት ናቸው ሲል ብሰማም፣ ለኔ ከኔ ሄዶ እሷ ላይ መልኩን የቀየረ ነው፣ እኔ ከዳንኩ እታለምም ትድናለች ብያለሁ። ሥሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ይደርቅ የለ? ስለዚህ እናቴ ይብቃሽ ስትለኝ እንኳ አልወጣም አልኩ። ሰዎቹ እምነቴን አደነቁ። እኔ ጥርሴን ነክሼ የሸዋነሽን ሠርግ እያሰብኩ እቃጠላለሁ።

አባቴ ሊወስደን ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። እናቴን ወደ ጎን ወሰዳት። የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው፣ ወደቀች፣ ከንፈሯ፣ አልናገር አለ። አልናገር ያለው ማን እንደሆነ አልገባኝም። እናቴ ደረቷን ያዘች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተረዳሁ። በደንብ አልተነከርኩም ማለት ነው። እዚያው ልብሴን አውልቄ ተመልሼ ወደ ውሃው ሮጥኩ። አባቴ ነው ጎትቶ ያወጣኝ።

የሆነውን ያወቅሁት ቆይቶ፣ ከራሷ ነው። መጀመሪያዎቹ ቀናት ጠበሉ ሲነካት ብቻ ይነሳባት ነበር። የቆሙት ሰዎች አዩት፣ ጠበሉ ያለባትን ነገር እያወጣው ነው ተባለ፣ እንግዲያው ይጨመር ተባለ። አንድ ጠዋት ውርጭ ወድቆ፣ ከአናቷ ጀምሮ ረጅም ጊዜ አፈሰሱባት። መላ አካላቷ አበጠ። ከንፈሯ አበጠ፣ ምላሷ አበጠ፣ ዓይኗ ጨለመባት። ሕዝቡ መንፈሱን ማን ነህ፣ ተናገር እያለ ይጮኻል። እሷ በረደኝ ልትል ትሞክራለች፣ ምላሷ አልታዘዝ አላት። ዲዳ መንፈስ ነው አሉና እንደገና ውሃ ቀዱ። ያተረፏት አጥማቂው አባ ናቸው፣ ሽማግሌ ነበሩ። ይብቃ፣ ይቺ ልጅ ልትሞት ነው ብለው ሰውን በትነው፣ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው ፀሐይ ላይ አስተኟት። ስትሞቅ ተመለሰች። እብጠቱም እንደ ልማዱ ሄደ። ያየው ሰው ሁሉ ግን መውደቋን እንጂ የአባን ቃል ይዞ አልሄደም። ወሬው እኛ ቤት ሳይደርስ ይፋግ ገበያ ደረሰ።

ከይፋግ አንድ ሽማግሌ ተላኩ። እግዚአብሔር አላለውም አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሸዋነሽ ቡና እንኳ ይጠጡ ብላ ለመነቻቸው። ይርዳው በጥር አገባ፣ ሌላ ልጅ፣ ቆርቦ። ለሷ ደግሞ ዲዳ መንፈስ ያለባት የሚለው ስም ቀረላት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ስሙ ቀድሞ በር ላይ ይጠብቀዋል። ኋላ ወረታ ገባች፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈተች። አላገባችም። እኔ ከተማ ስማር ያኖረችኝ እሷ ናት፣ የጫማዬ የደብተሬ ወጪ ከሷ ሻይ ነበር። እሷ ባጎረሰችኝ ቁጥር እኔ ላይ የሚቀመጥብኝ አንድ ነገር ነበር። ሕይወቷን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ግን ታጎርሰኛለች።

እንግዲህ ወደ ሐኪሙ ልመለስ። አይጋባም ሲለኝ ዝም አላልኩም። የሚመጣ የሚሄደውስ፣ እሱስ ይጋባል ወይ አልኩት። እሱም አይጋባም፣ እሱ ሌላ ነው አለ። ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል፣ ምልክት አይተውም፣ አንዱን ሰው ምግብ፣ ሌላውን መድኃኒት፣ አንዳንዱን ቅዝቃዜ ያስነሳበታል አለኝ። በፈረንጅ አፍ ስሙንም ጠራው፣ እኛ ሁሉንም ሽፍታ ብለን አንድ ጆንያ ውስጥ ነው የከተትነው። ቅዝቃዜ ሲል ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ያለፈውን ሁሉ ዘረገፍኩበት፣ ሩዙን፣ ሳፋውን፣ ጠበሉን። መጻፉን ተወ። እንዲህ ያለ ሰው ሙሉ ገላው በቀዝቃዛ ውሃ ከተነከረ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል፣ አክስትሽ ከሞት ነው የተረፈችው አለኝ። ደጋግሞ በፍል ውሃ መንከር ደግሞ ችፌን ያደርቀዋል፣ ያብሰዋል። ማን ነው ያዘዘላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አገር አዘዘልን። ወደ ውሃ መላካችን ካልቀረ፣ ምናለ ቢያቀያይሩን ኖሮ!

እኔ ጋ አምጪያት፣ በበረዶ እንፈትናታለን፣ ራስሽ እንዳትሞክሪ አለኝ። ሸዋነሽን አንድ ወር ለመንኳት። ሐኪም ቤት ስደርስ ይጠፋል፣ ደግሞ ላፍር ነው ወይ ትላለች። እሷን ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ከጎረቤት ጭማቂ ቤት በፌስታል አንዲት ቁራጭ በረዶ ይዤ ሻይ ቤቷ ገባሁ፣ ክንዷን አምጪ አልኳት። ተቆጥቼ ስለነበር ሰጠችኝ። ለአፍታ ያህል ይዤ አነሳሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆዳዋ ሙቀት ሲመለስለት ግን ቀላ፣ ከዚያ ተነሳ፣ የበረዶው ቁራጭ ቅርጽ ከነማዕዘኑ ክንዷ ላይ ቆመ።

ሁለታችንም አየነው። እኔ አለቀስኩ፣ ጮህኩ፣ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። መንፈስ አይደለም፣ ከኔም አይደለም፣ ስም ያለው በሽታ ነው፣ ክኒን አለው አልኳት። እሷ ክንዷን ትክ ብላ እያየች ቆየች።

"እትዬ ገላነሽ በሕይወት አሉ?" አለችኝ።

አርፈዋል አልኳት። ቄስ ባየህስ አለች። እሳቸውም። አጥማቂው አባም ከሞቱ ቆይተዋል። ግን ይርዳው አለ አልኩ፣ ቅስና ተቀብሎ ይፋግ ያገለግላል፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዓይኑ እያየ እነግረዋለሁ አልኩ። ሸዋነሽ እጅጌዋን ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው።

"ለሱ እንዳትነግሪው" አለች። "እሱ የተዋት መንፈስ ያለባትን ነው። እሱን ብሎ ነው የኖረው። ጤነኛዋን እንደተወ አሁን አውቆ ምን ያድርገው?"

ስንት ነገር ልላት ነበር። በሩ ላይ ሁለት ሻይ የሚል ሰው ቆሞ ስለነበር ተነስታ ቀዳችለት።

ሱቅ ስለከፈትኩ ሩዝ ልገዛ ይፋግ ገበያ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ ይርዳው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንገናኛለን። ጺሙ ሸብቷል። መስቀሉን ያሳልመኛል፣ ከዚያ ሁልጊዜ፣ አንድም ቀን ሳይረሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሸዋነሽ ተሻላት?" ይለኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ደህና ናት፣ አባቴ እለዋለሁ።